ቢላ ወይም ሽጉጥ ከያዘ ሰው ፊት፦ መስጠት፣ መሸሽ፣ መከለል ወይስ መሳሪያውን ማስጣል?

ስልካችን ላይ በየቀኑ የሚመጣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንዱ ቢላ ይሰነዝራል፤ ሌላው እጁን ቀልቦ ይጠመዝዘዋል፤ ቢላው ወለሉ ላይ ይወድቃል። ከሦስት ሰከንድ አያልፍም። ተከትሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ይህንኑ በጥቂት ሳምንት እንደሚያስተምር ይናገራል። ማታ ሱቁን ቆልፎ የሚወጣ ነጋዴ፣ የማያውቀውን ሰው ጭኖ ወደ ጨለማ ሰፈር የሚነዳ የሜትር ታክሲ ሹፌር፣ ከማታ ፈረቃ በእግሯ የምትመለስ እህት፣ ይህን አይተው «እኔም ልማር ይሆን?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የገባሁበት። በጎማ ቢላ ብዙ ወራት ተለማምጃለሁ። ከዚያ ይዤ የወጣሁት ግን ልማር ከሄድኩት ነገር የተለየ ነው። አደጋ ሲገጥመን ካሉን አማራጮች ውስጥ መሳሪያ ማስጣል ሲከሽፍ ማረሚያ የለውም። ሌሎቹ ሲከሽፉ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዕድል ይተዋሉ። ስለዚህ ብቻውን ሳይሆን ከሌሎቹ ጎን ተመዝኖ ነው መታየት ያለበት።

## ሰውዬው ምን ፈልጎ መጣ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መሳሪያውን ነው። ምርጫውን የሚወስነው ግን የሰውዬው ፍላጎት ነው። ሦስት ዓይነት አለ።

አንደኛው ንብረት ፈልጎ የመጣ ነው፦ ማጅራት መቺ፣ ስልክ ነጣቂ፣ ሱቅ ዘራፊ። መሳሪያው ለእሱ ማስፈራሪያ ነው፤ ቶሎ ወስዶ መጥፋት ይፈልጋል። ሁለተኛው እርስዎን ፈልጎ የመጣ ነው፦ ሊደፍር፣ ሊያግት፣ ቂም ሊወጣ። ሦስተኛው ማንንም ያገኘውን ሰው ሊገድል የመጣ ነው፤ በአሜሪካና በአውሮፓ በየጊዜው የምንሰማው ዓይነት። ለመጀመሪያው ትክክል የሆነው ምርጫ ለሦስተኛው ሞት ሊሆን ይችላል። ለሦስተኛው ትክክል የሆነውን ለመጀመሪያው መጠቀም ደግሞ በስልክ ምክንያት መሞት ነው።

## በምን እንመዝን?

የምመዝንባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ካልተሳካ ምን እናጣለን? ምን ያህል ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱስ ሲቋረጥ ይቆያል ወይ? በምን ርቀት ላይ ይሠራል? አብሮን ያለውን ሰው፣ በተለይ ልጅን፣ ለምን ያጋልጣል? ደግሞም ብዙዎች የሚረሱት አለ፦ ቢሳካስ ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል? ወጪው መጨረሻ ላይ ይታያል፤ የሚያድኑት ነገሮች አብዛኞቹ ርካሽ ናቸው።

## መስጠት

ንብረት ለፈለገ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ካልተሳካም ሌሎቹ አማራጮች አሁንም በእጅዎ ናቸው። አሰጣጡ ግን ዘዴ አለው። እጅዎ ይታይ። ወደ ኪስ ከመግባትዎ በፊት «ስልኩ የግራ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላወጣው ነው» ብለው ይናገሩ፤ የደነገጠ ዘራፊ ድንገት የተንቀሳቀሰን እጅ መሳሪያ የሚያወጣ አድርጎ ያየዋል። ቦርሳውን ከእጅ ወደ እጅ ከማቀበል ወደ ጎን መሬት ላይ አስቀምጦ መራቅ ይሻላል፤ እሱ ለማንሳት ሲያጎነብስ በመካከላችሁ ርቀት ይፈጠራል። ፊቱ ላይ ማፍጠጥ አያስፈልግም።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባላል። ብዙዎች ለስድብ ይሉታል። እኔ ቃሉን እንዳለ ነው የምወስደው፦ ስልኩን ሰጥቶ ቤቱ የገባ ልጅ ለእናቱ ገብቷል።

መስጠት የሚያበቃበት ነጥብ አለ። ገንዘቡን ተቀብሎ «መኪና ውስጥ ግባ»፣ «ወደዚያ ጭር ወዳለው ቦታ እንሂድ» ካለ ሰውዬው ከመጀመሪያው ዓይነት ወደ ሁለተኛው ተሻግሯል። ሰው ከሚያይበት ቦታ ወደማያይበት መሄድ አደጋውን ስለሚያባብሰው፣ እዚያው መጮህና መሮጥ ይሻላል።

## መሸሽ

በቢላ ላይ ከመሸሽ የሚበልጥ መከላከያ የለም፤ ቢላ የሚጎዳው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው። ችግሩ የመነሻው ርቀት ነው። ዴኒስ ቱለር የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሰልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ስሌት በፖሊሶች ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ቢላ የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ለመሮጥ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። የሰለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ ለመተኮስ የሚያስፈልገው ጊዜም ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ አምስት ሜትር ላይ የቆመ ቢላ የያዘ ሰው ሩቅ አይደለም። ሩጫው መጀመር ያለበት ገና ሲጠራጠሩ ነው።

ከሽጉጥ መሸሽ ሌላ ስሌት አለው። ጥይት ይቀድማል፤ ነገር ግን የሚሮጥን ሰው፣ ያውም በድንጋጤ፣ መምታት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሩጫው ወደ መከለያ ይሁን፦ የግንብ ጥግ፣ የመኪና ሞተር ያለበት በኩል። ልጅ ያዘለች እናት ግን መሸሽን እንደ ዋና አማራጭ ልትይዘው አትችልም፤ ለእሷ የሚቀጥለው ይሻላል።

## መከለልና ማራቅ

በር መዝጋት፣ የመኪና በር መቆለፍ፣ በሁለታችሁ መካከል ጠረጴዛ፣ ባንኮኒ ወይም የቆመ መኪና ማድረግ። በቆመ መኪና ዙሪያ መዞር ቢላ የያዘን ሰው ለረጅም ጊዜ ያደክማል፤ እየጮሁ ከሆነ ጊዜው ለእርስዎ ነው የሚሠራው።

ማራቂያ የምለው እንደ ዱላ፣ ወንበር፣ ጃንጥላ ወይም ቦርሳ ያለውን ነው። የአገራችን ዱላ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። እጅ እስከሚደርስበት ብቻ በሚጎዳ ቢላ ፊት ከክንድ የሚረዝም ነገር የያዘ ሰው አጥቂው እንዳይጠጋ ማድረግ ይችላል። ወንበርም በአራት እግሩ ወደ ፊት ሲያዝ እጁን ከሰውነትዎ ያርቃል። ይህ ሁሉ ለማምለጫ የሚሆን ጊዜ መግዣ ነው፤ ቆሞ ለመደባደብ አይደለም። ለሽጉጥ ግን ዱላ ምንም አይፈይድም።

## ማናገር

በስካር፣ በንዴት ወይም በቤተሰብ ጠብ መሳሪያ ያነሳን ሰው ረጋ ባለ ድምፅ ማናገር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ በተለይ ስሙን የምናውቀውን። «ወንድሜ፣ ችግር የለም፣ እሺ» ማለት ሽንፈት አይደለም። ማስፈራራት፣ መሳደብ፣ «አትደፍርም!» ማለት ግን ያላሰበውን እንዲያደርግ መግፋት ነው። ለሦስተኛው ዓይነት አጥቂ ቃል አይሠራም፤ ጊዜ አያጥፉበት።

## መሳሪያ ማስጣል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

በቪዲዮው ላይ ቢላው አንድ ጊዜ ይሰነዘራል፤ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። መንገድ ላይ የሚወጋ ሰው እጁን ወዲያው ይመልሳል፣ ደግሞ ይወጋል፣ ደግሞ ይመልሳል፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ። በሌላው እጁ ደረትዎን ይገፋል ወይም ኮሌታዎን ይይዛል። ቢላው ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በጩቤ ተወግተው የተረፉ ሰዎች መጀመሪያ ቡጢ መስሏቸው እንደነበር የሚናገሩት ለዚህ ነው።

የጥፋቱን መጠን ያስቡት። የአጥቂውን ስለት በባዶ እጁ የጨበጠ ሰው የጣቱ ጅማት ሊቆረጥ ይችላል። ጅማት በቀዶ ሕክምና ይቀጠላል፤ ጣቱ ግን እንደ ድሮው ላይታጠፍ ይችላል። ለልብስ ሰፊ፣ ለፀጉር ሠሪ፣ ለሹፌር ይህ እንጀራ ነው። አንገት፣ ብብት፣ ብሽሽት ላይ ደግሞ ትልልቅ የደም ቧንቧዎች አሉ፤ ከተቆረጡ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ፈስሶ ያልቃል።

አንድ ፈተና አለ፤ ማንም ሰው ቤቱ ሊሞክረው ይችላል። ነጭ ካናቴራ ይልበሱ፤ ለጓደኛዎ ቀይ ማርከር ይስጡት፤ ሃያ ሰከንድ ሙሉ ያለ ምንም ስምምነት፣ እንደፈለገ ያጥቃዎት። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የጓደኛዬን እጅ ሁለት ጊዜ ያዝኩና ደስ ብሎኝ ነበር። ካናቴራዬን ሳወልቅ ሆዴ ላይ፣ ከብብቴ ሥር፣ በክንዴ ውስጠኛ በኩል ቀይ ነበር። አንዱ መስመር አንገቴ ላይ ነበር፤ በመስታወት ነው ያየሁት። ዕድሜውን ሁሉ የሠራው ማስተራችንም በዚያ ልምምድ ካናቴራው ንጹህ ሆኖ ሲወጣ አላየሁም።

ሽጉጥን ማስጣል ደግሞ በመጀመሪያ እጅ የሚደርስበት ርቀት ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ማስጣል የሚባል ነገር የለም። ቢቀርብም ጣቱ ቀድሞ ቃታው ላይ ነው። ካርታው (የጥይት መያዣው) ቢወልቅ እንኳ ብዙ ሽጉጦች የጎረሱትን አንዲት ጥይት ይተኩሳሉ። አፈሙዙን ከራስዎ ላይ ቢያዞሩት ወዴት ዞረ? ባለቤትዎ ከጎንዎ ቆማ ከሆነ ወደ እሷ ሊሆን ይችላል። «የውሸት ሽጉጥ ይሆናል» ብሎ መወራረድም አይገባም፤ በጨለማ መለየት አይቻልም።

«ግን አስጥለው የዳኑ ጀግኖች አሉ» የሚለኝ አይጠፋም። አሉ፤ ታሪካቸው በዝርዝር ሲነበብ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2015 ከአምስተርዳም ወደ ፓሪስ በሚሄደው የታሊስ ባቡር ላይ አንድ ሰው ክላሽንኮቭ ይዞ ተነሳ። ማርክ ሙጋሊያን የተባለ ተሳፋሪ ክላሹን ነጥቆ ወሰደ፤ ማስጣል ማለት ይህ ነው፣ ተሳካለት። አጥቂው ግን ሽጉጥም ነበረው፤ ከኋላው ተኩሶ መታው። ቀጥሎ የአሜሪካ አየር ኃይል ባልደረባ የሆነው ስፔንሰር ስቶን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲይዘው፣ ሰውዬው ሦስተኛ መሳሪያ፣ የካርቶን መቁረጫ ምላጭ አወጣ። ስቶን አንገቱ ተቆረጠ፤ አውራ ጣቱም ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ክላሹም አልተኩስ ማለቱ ረድቷቸዋል። ሁለቱም ቁስለኞች ተርፈዋል። አንድ መሳሪያ ያየ ሰው ሁለተኛ እንደሌለ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ናሽቪል፣ ቴነሲ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት አራት ሰው ሲገደል ጄምስ ሾው የተባለ ወጣት ጠመንጃውን ቀምቶ ብዙዎችን አዳነ። መጀመሪያ ተደበቀ፤ ተኩሱ ጋብ ሲል ነው የዘለለው፤ የጋለው አፈሙዝ እጁን አቃጥሎታል። ብራንደን ጼይ የተባለ ሌላ ወጣትም እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ መሳሪያውን የነጠቀው ሰው፣ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ ሞንተሬይ ፓርክ ውስጥ 11 ሰው ለሞት የዳረገ ነበር። እነዚህ ሰዎች በሙሉ የተጋፈጡት ሦስተኛውን ዓይነት አጥቂ ነው። ስልክ ሰጥተው የሚመለስ አልነበረም። ምርጫቸው መታገል ወይም መሞት ነበር። እነሱን ጠቅሶ ከስልክ ነጣቂ ጋር መታገል ያደረጉትን አለመረዳት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ አለ። ቢላው እጅዎ ገባ እንበል። ሰውዬው መሬት ላይ ነው፤ ደምዎ ፈልቷል። በዚያ ቅጽበት ከወጉት ጉዳዩ ተለወጠ። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን የሚፈቅደው ጥቃቱ ሕገወጥና የማይቀር ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና የመከላከያው መንገድ ከአደጋው ጋር ከተመጣጠነ ነው። አንቀጽ 79 ከዚህ ወሰን ያለፈውን ይመለከታል። መሳሪያውን ያጣ፣ የወደቀ ወይም የሚሸሽ ሰው አደጋ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሜሪላንድም ከቤት ውጭ በሰላም መሸሽ የሚቻል ከሆነ ሕጉ መሸሽን ይጠይቃል። የደረሰ ፖሊስም የሚያየው መሳሪያ የያዘን ሰው፣ ማለትም እርስዎን ነው፤ ቶሎ አርቀው መሬት ላይ ያስቀምጡት፣ እጅዎን ያሳዩ።

ማስጣል ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ጠባብ ነው፦ ሰውዬው ሊገድል ወይም ሊወስድዎት እንደመጣ ግልጽ ሲሆን፣ መውጫ ሲጠፋ፣ እጁ ከእጅዎ ሲደርስ። ያን ጊዜ መሳሪያ የያዘውን እጅ በሁለት እጅ ይዞ አለመልቀቅ፣ ያሉትን ሁሉ መጥራት፣ እስከ መጨረሻው አለማቅማማት ነው። በግማሽ ልብ ከሚደረግ አለማድረጉ ይሻላል።

| አማራጭ | የሚሻለው መቼ | ካልተሳካ | ልምምድ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| መስጠት | ንብረት ለሚፈልግ | ሌላው አማራጭ ይቀራል | ጥቂት | የንብረቱ ዋጋ |
| መሸሽ | ቢላ፤ ርቀት ሲኖር | ሊደርስብን ይችላል | የእግር ጉልበት | የለም |
| መከለል፣ ማራቅ | ልጅ ሲኖር፤ ሱቅ፣ መኪና | ጊዜ ገዝቶ ይከሽፋል | ጥቂት | ቁልፍ፣ ፍርግርግ |
| ማናገር | ስካር፣ ንዴት፣ ዘመድ | ሌላው አማራጭ ይቀራል | ትዕግሥት | የለም |
| ቢላ ማስጣል | መውጫ ሲጠፋ ብቻ | ከባድ ቁስል፣ ሞት | ዓመታት፣ ሳይቋረጥ | የስልጠና ክፍያ |
| ሽጉጥ ማስጣል | ለመግደል ለመጣ፣ እጅ ሲደርስ ብቻ | ሞት፣ አጠገብ ያለውም ጭምር | ዓመታት፣ ሳይቋረጥ | የስልጠና ክፍያ |

## ለማን የትኛው?

በእግር ማታ ለሚመለስ። በጀቱ ዜሮ ነው። ጥቂት ገንዘብ ለብቻ ይያዝ፣ መታወቂያና የባንክ ካርድ ከቦርሳ ይለዩ። ሁለቱን ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ አይሄዱ። የስልኩን መለያ ቁጥር (IMEI) ቤት ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከተወሰደ መጀመሪያ ሲሙን ማዘጋት ነው፣ በሞባይል የሚንቀሳቀስ ገንዘብ ስላለ።

ለሹፌር። በቴሌብር ወይም በባንክ መቀበል ኪስ ውስጥ ያለውን ጥሬ ገንዘብ ይቀንሳል፤ የሚያጓጓው ሲቀንስ አደጋውም ይቀንሳል። መኪናውን ከጠየቀ ወርደው ይስጡት። «አብረን እንሂድ» ካለ ግን ቁልፉን ወደ አንድ በኩል ጥለው በሌላው በኩል ይሩጡ።

ለባለ ሱቅ። ገንዘብ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከመሳቢያው መነሳት አለበት፤ ማስገቢያ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ሻጩ ራሱ የማይከፍተው ሳጥን ጥሩ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ማታ ለሚሠሩ ሱቆች ካወጣቸው ምክሮች ውስጥ ይህ ይገኝበታል፦ ጥሬ ገንዘብ መቀነስ፣ የመስኮቱን ማስታወቂያ አንስቶ ከውጭ እንዲታይ ማድረግ፣ መብራት። በደቡብ አፍሪካ ታውንሺፖች፣ ማለትም በከተማ ዳር ባሉ የጥቁሮች ሰፈሮች፣ ሱቅ ከፍተው ለሚሠሩ ወንድሞቻችን ደግሞ የምናገረው ከልቤ ነው። እዚያ የሚመጣው ዘራፊ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም፤ ሽጉጥም የያዘ ነው። አንዱን ቢያስጥሉ ሌላው በር ላይ ቆሟል። ፍርግርጉ ላይ ገንዘብ ያውጡ፤ በማስጣል ስልጠና ላይ አያውጡት።

አጥቂው የቤት ሰው ለሆነባት። ለእሷ የመንገድ ምክር አይሠራም። ጠብ ሲጀመር ከማዕድ ቤት መራቅ፤ ቢላው እዚያ ነው። መውጫ በር ወዳለበት ክፍል መጠጋት፣ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ምልክት መስማማት፣ የልጆች ሰነድና ጥቂት ገንዘብ ሌላ ቤት ማስቀመጥ።

ሕዝብ በተሰበሰበበት ተኩስ ሲከፈት። በአሜሪካ የሚሰጠው ምክር በቅደም ተከተሉ ሽሽ፣ ተደበቅ፣ ታገል ነው። መታገል ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠው እንዲሁ አይደለም። ብቻውን ከሚታገል ሰው አራት አምስት ሆነው በአንድ ጊዜ የሚወድቁበት ይሻላሉ።

ለቆሰለ። ደም ሲፈስ በንጹህ ጨርቅ፣ ከሌለም በነጠላ፣ በሁለት እጅ አጥብቆ ተጭኖ አለመልቀቅ። ሰውነት ውስጥ ተሰክቶ የቀረ ቢላ አይነቀል። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው።

መሰልጠን ለሚፈልግ። መሰልጠን መጥፎ አይደለም፤ ሰውነትን ያጠነክራል፣ ድንጋጤን ያለዝባል። ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ግን ቅድሚያ ለደም ማቆም የመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ይስጡ። ማሰልጠኛ ሲመርጡም ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። አጥቂ ሆኖ የሚሠራው ልጅ እጁን ይመልሳል ወይስ አየር ላይ ትቶት ይጠብቃል? ስለ መሸሽና ስለ መስጠት ይነገራል ወይ? ከዚያም ቀይ ማርከርና ነጭ ካናቴራ ይዘው ይሂዱና አሰልጣኙ ራሱ ከሰልጣኞቹ አንዱ ጋር ሃያ ሰከንድ እንዲሞክር ይጠይቁት። ካናቴራው ቢቀላ ምንም አይደለም፣ ይቀላል። የሚታየው እሺ ማለቱና ቀይ የሆነውን ካናቴራ ለተማሪዎቹ ማሳየቱ ነው።